አሮጌው ጸሎት አዲስ በነበረበት ጊዜ
የቶማስ ክራንመር ሕይወት

በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባላት መካከል ብዙ ጊዜ የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በቅዱስ ቁርባን ጊዜ ካህኑ በኅብስቱና በጽዋው ላይ የሚያደርሰው የምስጋና ጸሎት፣ በአገራችን ሊቃውንት አጠራር አኰቴተ ቁርባን የሚባለው፣ በቀድሞው አነጋገር ይሁን ወይስ በዛሬው የሚል ነው። አንዳንዱ ምእመን አያቶቹ በሰሙት በጥንቱ እንግሊዝኛ ካልሰማው የቆረበ አይመስለውም፤ ሌላው ደግሞ በቤቱና በሥራው ቦታ በሚነጋገርበት ቋንቋ ካልሆነ ቃሉ ከጆሮው አልፎ ወደ ልቡ አይገባለትም። በእንግሊዝ አገር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እሑድ ጠዋት በሁለት ሰዓት በቀድሞው መጽሐፍ፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ በአዲሱ የሚጸለይበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

ይህ ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በግዕዝ ይቀደስ ወይስ በአማርኛ፣ የቀድሞው መዝሙር ይዘመር ወይስ አዲሱ የሚለው ጥያቄ ወጣቶችና አረጋውያን በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሣ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዛሬ የቀድሞ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ጸሎት ያዘጋጀውን የቶማስ ክራንመርን ሕይወት በአጭሩ እንመለከታለን። የዚህ ሰው ጸሎት ዛሬ የጥንታዊነት ምሳሌ ይሁን እንጂ በተጻፈበት ጊዜ እጅግ አዲስ ነበር፤ አዲስ በመሆኑም የሰው ደም ፈሶበታል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደቱና ትምህርቱ

ቶማስ ክራንመር ጁላይ 2 ቀን 1489 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሻየር በሚባለው ክፍል፣ አስላክተን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ መጠነኛ ርስት ያለው ሰው ነበር። በዚያ አገር ልማድ ርስት ለበኩር ልጅ ስለሚተላለፍ ቶማስና ታናሽ ወንድሙ ወደ ትምህርትና ወደ ክህነት አገልግሎት እንዲያዘነብሉ ሆነ። ቶማስ በ14 ዓመቱ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ጂሰስ ኮሌጅ ገባ።

ክራንመር ከፈጣኖቹ ተማሪዎች አንዱ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዲግሪ ለማግኘት 8 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ነገር ግን ያነበበውን የማይረሳ፣ ብዕር በእጁ ሳይዝ መጽሐፍ የማይገልጥ፣ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም ሐሳብ ጽፎ የሚያስቀምጥ ትጉህ ሰው ነበር። የሌሎችን ጽሑፍ በትዕግሥት የመሰብሰብና የመመዘን ጠባዩ ወደ ኋላ ለጸሎት መጽሐፉ ሥራ ትልቅ ስንቅ ሆኖታል።

በወጣትነቱ ጆን የምትባል ሴት አገባ። በዚያ ዘመን የኮሌጁ መምህራን ማግባት ስለማይፈቀድላቸው ቦታውን አጣ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ በወሊድ ምክንያት ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ኮሌጁ መልሶ ተቀበለውና ቅስና ተሾመ፤ በ1526 ዓ.ም. በነገረ መለኮት የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ዕድሜው ወደ አርባ እስኪጠጋ ድረስ ከካምብሪጅ ውጭ ስሙ የሚታወቅ ሰው አልነበረም።

ሳይታሰብ የመጣ ሹመት

በ1529 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከንግሥት ካተሪን ጋር ያለው ጋብቻ እንዲፈርስለት ይፈልግ ነበር፤ የሮማው ፓፓ ግን አልፈቀዱለትም። በዚያ ዓመት በካምብሪጅ ወረርሽኝ ገብቶ ስለነበር ክራንመር ዎልተም በምትባል ከተማ ተቀምጦ ሳለ ከንጉሡ አማካሪዎች ጋር በአንድ ቤት ተገናኘ። ስለ ጉዳዩ በተጠየቀ ጊዜ ነገሩ በሮም ችሎት ከሚጓተት የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ቢጠየቁበት እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። ንጉሡ ይህን ሲሰማ ደስ ስላለው ክራንመር ከጸጥተኛው የመጻሕፍት ክፍል ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ።

በ1532 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር መልእክተኛ ሆኖ ተላከ። በኑረምበርግ ከተማ የሉተርን ትምህርት የተቀበሉት ሰዎች የሚጸልዩበትን ሥርዓት ተመለከተ። እዚያም ቄስ ሆኖ ሳለ ማርጋሬታ የምትባል የአንድ ታዋቂ ሰባኪ ሚስት ዘመድ አገባ። በእንግሊዝ ይህ የተከለከለ ስለነበር ጋብቻውን ለብዙ ዓመታት ደብቆ ለመኖር ተገደደ። በዚያው ዓመት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ስለ ሞቱ ንጉሡ ክራንመርን ጠራው፤ ማርች 30 ቀን 1533 ዓ.ም. የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። በሁለት ወር ውስጥም የንጉሡ ጋብቻ ከመጀመሪያው ያልጸና ነበር ብሎ ፈረደ።

እዚህ ላይ የክራንመርን ደካማ ጎን መደበቅ አይገባም። ንጉሥ በእግዚአብሔር የተሾመ የቤተ ክርስቲያንም ራስ ነው ብሎ ከልቡ ያምን ስለነበር ሄንሪ የሚፈልገውን ፍርድ ደጋግሞ ሰጥቷል። በ1536 ዓ.ም. አን ቦሊን በተፈረደባት ጊዜ አማላጅነት ሞከረ፤ ግን ወዲያው የእርሷንም ጋብቻ አፈረሰ። ለንጉሥ መታዘዝን ከሃይማኖት ጋር አንድ አድርጎ ማየቱ በሕይወቱ መጨረሻ ትልቅ ወጥመድ ሆኖበታል።

ሕዝቡ የማይሰማው ጸሎት

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቅዳሴ በላቲን ቋንቋ ነበር። ካህኑ የቁርባኑን ጸሎት ዋና ክፍል ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ያደርስ ነበር። ሕዝቡ በበኩሉ መቁጠሪያውን ይዞ የየራሱን ጸሎት ያደርሳል፤ ደወል ሲደወል ቀና ብሎ ከፍ የተደረገውን ኅብስት ያያል፤ ይሰግዳል። አብዛኛው ምእመን የሚቆርበው በዓመት አንድ ጊዜ በፋሲካ ሲሆን፣ የሚሰጠውም ኅብስቱ ብቻ ነበር እንጂ ጽዋው አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ ሥርዓቱን አይወደውም ነበር ማለት አይደለም። ቃሉን ባያውቀውም ምልክቱን፣ ዜማውንና ጾም በዓሉን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ክራንመር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ላይ ተመሥርቶ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚነገረው ቃል ለሚሰማው ሰው የማይገባ ከሆነ አያንጽም ብሎ አመነ። በ1539 ዓ.ም. የወጣው ትልቁ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲቀመጥ ሲደረግ በሚቀጥለው ዓመት እትም ላይ መቅድም ጻፈለት። በ1544 ዓ.ም. ንጉሡ ከፈረንሳይ ጋር ለመዋጋት ሲዘጋጅ ሕዝቡ የሚጸልይበትን ምሕላ በእንግሊዝኛ አዘጋጀ። በዚያ ምሕላ መጨረሻ ያስገባው ጸሎት ለቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ከሚሰጠው የግሪኮች ቅዳሴ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ክራንመር ከጀርመኖች ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅ አባቶችም የተማረ ሰው ነበር።

የአጻጻፉ ጠባይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሁለት ተቀራራቢ ቃላት ጎን ለጎን ያቆማል፤ ዓረፍተ ነገሩን በእርጋታ ከፍ አድርጎ በእርጋታ ያሳርፈዋል። ማንበብ ለማይችልና በጆሮው ብቻ ለሚሰማ ሰው እንዲህ ያለው ቃል በቶሎ አይጠፋበትም። ለአራት መቶ ዓመታት በላይ ሕዝብ በቃሉ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የ1549 መጽሐፍና የገጠሩ ዓመፅ

ሄንሪ ስምንተኛ ጃንዋሪ 28 ቀን 1547 ዓ.ም. ሞተ። ክራንመር በአልጋው አጠገብ ሆኖ እጁን ይዞት ነበር። ዙፋኑን የወረሰው የ9 ዓመቱ ልጅ ኤድዋርድ ስድስተኛ ሲሆን፣ በዙሪያው የነበሩት መኳንንት የተሐድሶው ደጋፊዎች ነበሩ። በ1548 ዓ.ም. በላቲኑ ቅዳሴ መካከል የሚነበብ የእንግሊዝኛ የመቁረቢያ ሥርዓት ወጣ፤ ጽዋውም ለሕዝቡ ተመለሰ። የከነዓናዊቷን ሴት ትሕትና የሚያስታውሰውና ብዙዎች እስከ ዛሬ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የቁርባን ጸሎት መጀመሪያ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሙሉው መጽሐፍ፣ የጋራ ጸሎት መጽሐፍ የተባለው፣ ታተመ። ክራንመር በሶልዝበሪ ይሠራበት ከነበረው ከላቲኑ ሥርዓት፣ በጀርመን ከወጡት የተሐድሶ ሥርዓቶችና ከጥንት ጸሎቶች መርጦ አንድ አደረገው። የቁርባኑ ጸሎት ረጅምና ያልተቆራረጠ ነበር። ስለ ሕያዋንና ስለ ሙታን ይለምናል፤ ኅብስቱና ወይኑ በመንፈስ ቅዱስና በቃሉ እንዲባረክ ይጠይቃል፤ ጌታ በተያዘባት ሌሊት ያደረገውን ያስታውሳል፤ ከዚያም ምስጋናንና ራስን ለእግዚአብሔር መስጠትን ያቀርባል። ሕዝቡ ይህን ሁሉ በቋንቋው ሰማው።

መጽሐፉ ግን የመጣው በስብከት ብቻ ሳይሆን በሕግ ኃይል ነው። በሌላ ሥርዓት የቀደሰ ካህን በመጀመሪያው ጥፋት ስድስት ወር ይታሰራል፤ በሦስተኛው ዕድሜ ልክ። በጰንጠቆስጤ ዕለት፣ ጁን 9 ቀን 1549 ዓ.ም.፣ በአገሩ ሁሉ በአዲሱ መጽሐፍ ተጸለየ። በማግሥቱ በዴቨን አውራጃ ሳምፕፈርድ ኮርትኒ በተባለች መንደር ሕዝቡ ተሰብስቦ ካህኑ የቀድሞውን ልብሰ ተክህኖ ለብሶ በላቲን እንዲቀድስ ግድ አለው። ነገሩ በዚያ አልቆመም። ከኮርንዎል የተነሡትም ተጨምረው የኤክሰተርን ከተማ አምስት ሳምንት ያህል ከበቡ።

ዓመፀኞቹ በጽሑፍ ካቀረቡት ጥያቄ ውስጥ የላቲኑ ቅዳሴ ይመለስልን የሚል ነበረበት። ከኮርንዎል ሰዎች ብዙዎቹ የሚናገሩት ኮርንኛ ስለነበር እንግሊዝኛ አናውቅም ብለው ተከራከሩ። ክራንመር በሰጠው ረጅም መልስ ከመካከላቸው እንግሊዝኛ የሚያውቀው ይበዛል ወይስ ላቲን የሚያውቀው ብሎ ጠየቃቸው። መልሱ ብልህ ቢሆንም ጥያቄያቸውን በትክክል አልመለሰም። ጸሎት ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ይሁን ካለ በኮርንኛ መተርጎም ነበረበት፤ ይህ ግን አልተደረገም። ሌላም ነገር አለ። የገጠሩ ሰው የላቲኑን ቃል ባይተረጉመውም አባቱ የተቀበረበት፣ ልጁ የተጠመቀበት ድምፅ ነበር። ያንን በአንድ እሑድ ሲያጣ ቤቱ የፈረሰበት ያህል ሆነበት።

መንግሥት ከውጭ አገር የተቀጠሩ ወታደሮች ጭምር ልኮ ዓመፁን አጠፋ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ከኤክሰተር ካህናት አንዱ ልብሰ ተክህኖውን እንደ ለበሰ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ተሰቀለ።

የራሱን ጸሎት ሲያርም

በሌላ ወገን ደግሞ መጽሐፉ አዲስነቱ አልበቃም የሚሉ ነበሩ። በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ማርቲን ቡሰር ረጅም የእርምት ሐሳብ ጻፈ። ከዚህም በላይ የክራንመር ተቃዋሚ የነበረው ጳጳስ እስቲፈን ጋርዲነር ከእስር ቤት ሆኖ የ1549 ጸሎት በቀድሞው እምነት ሊተረጎም እንደሚችል አሳየ። ክራንመር ግን በዚህ ጊዜ ክርስቶስን በቁርባን የምንቀበለው በእምነት በልባችን ነው እንጂ ኅብስቱ ራሱ አይለወጥም ወደሚለው አሳብ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ መጽሐፍ አዘጋጀና በ1552 ዓ.ም. ወጣ።

በዚህ መጽሐፍ ረጅሙ ጸሎት ተከፋፈለ። ምልጃው ወደ ፊት ሄደ፤ ለሙታን የሚቀርበው ልመና ቀረ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የነበረው ልመናም ቀረ። ካህኑ የጌታን የመጨረሻ እራት ቃል እንዳነበበ ወዲያው ያቆርባል፤ ራስን ለእግዚአብሔር የማቅረብ ጸሎት ከቁርባኑ በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ይህም ሰው ለእግዚአብሔር የሚሰጠው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ከእርሱ ለተቀበለው ጸጋ መልስ ነው የሚለውን ትምህርት ለማስረዳት ነበር።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ልብ እንበል። ዛሬ አንድ ፊደል አይነካብን የሚባልለትን ጸሎት ባለቤቱ ራሱ በሦስት ዓመት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ለውጦታል። በመጀመሪያው መጽሐፍ መቅድም ላይም የሰው እጅ የሠራው ሥርዓት ምንም ያህል ያማረ ቢሆን በዘመን ብዛት መበላሸቱ እንደማይቀር አስገንዝቦ ነበር።

እስራቱና ሞቱ

ኤድዋርድ በ15 ዓመቱ ጁላይ 6 ቀን 1553 ዓ.ም. ሞተ። የካተሪን ልጅ ሜሪ ነገሠችና የሮማን ሥርዓትና የላቲኑን ቅዳሴ መለሰች። ክራንመር የእናትዋን ጋብቻ ያፈረሰ ሰው ነበር። በሴፕቴምበር ታሰረ፤ በ1554 ዓ.ም. ከጳጳሳቱ ከሂው ላቲመርና ከኒኮላስ ሪድሊ ጋር ወደ ኦክስፎርድ ተወሰደ። ኦክቶበር 16 ቀን 1555 ዓ.ም. ሁለቱ ጓደኞቹ በእሳት ሲቃጠሉ ከእስር ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ እንዲያይ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ ልቡ ደከመ። ብቻውን ነበር፤ በዕድሜም ሸምግሎ ነበር፤ ደጋግመው የሚከራከሩት መነኮሳት አጠገቡ ነበሩ። በዚህ ላይ ዕድሜውን ሁሉ ንጉሥ ይታዘዝ ሲል የኖረ ሰው፣ ንግሥቲቱ ወደ ሮም ተመለሱ ስትል እንዴት እምቢ ይላል? በ1556 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስድስት ጊዜ ያህል የክህደት ጽሑፍ ፈረመ። በመጨረሻዎቹ ላይ ያስተማረውን ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ ጻፈ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ልማድ ንስሐ የገባ ሰው ከሞት ይድን ነበር፤ ንግሥቲቱ ግን እንዲቃጠል ወሰነች።

ማርች 21 ቀን 1556 ዓ.ም. ዝናብ ስለነበር ወደ ኦክስፎርድ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አገቡትና ክህደቱን በሕዝብ ፊት እንዲያነብ አቆሙት። እርሱም እንደ ተጠበቀው ጀመረ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ከተዘጋጀው ወረቀት ወጣና የፈረማቸውን ጽሑፎች ሁሉ ካደ። እጁ የጻፈው ልቡ የማያምነውን በመሆኑ እሳት ሲነድ አስቀድሞ የምትቃጠለው እርሷ ናት ብሎ ተናገረ። ከመድረኩ ጎትተው አወረዱት። ወደ መቃጠያው ቦታም በፍጥነት ሄደ፤ ነበልባሉ ሲነሣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ እሳቱ ውስጥ አቆያት። ዕድሜው 66 ዓመት ነበር።

የሚያስደንቀው ይህ ነው። አንድ ሕዝብ በሙሉ የሚጸልይበትን ቃል ያዘጋጀው ሰው በመጨረሻ የተሸነፈውም ያሸነፈውም በቃል ጉዳይ ነው። ሌሎች ባዘጋጁለት ቃል ላይ ስሙን ሲያኖር አፉና ልቡ ተለያዩ፤ የዳነውም ሁለቱ መልሰው ሲገናኙ ነው።

ከእርሱ በኋላ

ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1559 ዓ.ም. መጽሐፉን መለሰች። በቁርባን ማቀበያው ላይ የ1549 እና የ1552 ቃላት በአንድነት እንዲነገሩ ተደረገ፤ ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ጽዋ እንዲጠጡ የሚያስችል ጥበብ ነበር። በ1637 ዓ.ም. ለስኮትላንድ የተዘጋጀው መጽሐፍ በኤዲንብራ ብጥብጥ አስነሣ። በ1662 ዓ.ም. የወጣው እትም በእንግሊዝ እስከ ዛሬ በሕግ የጸና ነው። የስኮትላንድ ኤጲስ ቆጶሳውያን የ1549ን ቅርጽ ስለ ወደዱ ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚለውን ልመና መለሱ፤ ከእነርሱም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1789 ዓ.ም. መጽሐፍ ገባ። ስለዚህ ከክራንመር ሁለት ጸሎቶች ሁለቱም ልጆች ወልደዋል።

በእንግሊዝ በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. የተሻሻለ መጽሐፍ ለፓርላማ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን አዳዲስ ሥርዓቶች ተሞከሩ፤ በ1980 ዓ.ም. አማራጭ የጸሎት መጽሐፍ ታተመ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በእርሱ ምትክ ስምንት የቁርባን ጸሎቶች በዛሬው ቋንቋ የያዘ ሥርዓት ወጣ። የክራንመርም ሥርዓት በዚያው ውስጥ በአማራጭነት ተቀምጧል። አሜሪካኖችም በ1979 ዓ.ም. መጽሐፋቸው የቀድሞውንና የአሁኑን አነጋገር ጎን ለጎን አስቀመጡ። በዚህ ጊዜ የቀድሞውን ቃል የወደዱ ሰዎች ልክ እንደ ሳምፕፈርድ ኮርትኒ ሰዎች አዘኑ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው መሰላቸው። የሚጮኹትም የዴቨን ገበሬዎች የተነሡበትን ያንኑ መጽሐፍ ለማስቀረት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው ስለ ቃሉ ነው። በክራንመር ዘመን እንግሊዝኛ እንደ እኛ አማርኛ አንተ እና እርስዎ የሚል ልዩነት ነበረው። እግዚአብሔርን አንተ ብሎ መጥራት አባት ልጁን፣ ጓደኛ ጓደኛውን በሚጠራበት ቃል መጥራት ነበር። ከጊዜ በኋላ እንግሊዞች ያንን ቃል ከመነጋገሪያ ቋንቋቸው ስለ ጣሉት በጸሎት ብቻ ቀረና እንደ ታላቅ የክብር ቃል ተቆጠረ። እንግዲህ ዛሬ የሚከበርለት የቃሉ ግርማ በከፊል ዘመን የጨመረለት ነው፤ ጸሐፊው የፈለገው ግን ቅርበትን ነበር።

ሁለተኛው ስለ አዲሶቹ ጸሎቶች ነው። በ1980 ዓ.ም. ከወጡት አንዱና በ2000 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ የተቀመጠው ጸሎት መሠረቱ ለሮማዊው አቡሊዲስ ሲሰጥ የኖረ ጥንታዊ የሐዋርያት ሥርዓት መጽሐፍ ነው። ስለ ጸሐፊው ማንነት ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ጸሎቱ ግን ከክራንመር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል። ይህን ጸሎት ሳያቋርጥ ሲጸልይበት የኖረውም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሴ ሐዋርያት የሚባለው ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነውና። የግዕዙን ቃል በ1691 ዓ.ም. ለአውሮፓ ሊቃውንት ያሳተመው ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ያስተማሩት ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነበር። ስለዚህ በለንደን ዘመናዊ የሚባለው ጸሎት በላሊበላና በጎንደር ካህናት አፍ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። አሮጌና አዲስ ብለን የምንለያየው ነገር ስንት ጊዜ የምናውቀውና የማናውቀው ማለት ብቻ ነው!

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ በክራንመር ስም የቀድሞውን ብቻ የሚከላከል ሰው ክራንመርን በሙሉ አላወቀውም። እርሱ ቃሉን ያከበረው ሕዝቡ እንዲገባው ነው። ዛሬም ያ ቃል ለአንድ ጉባኤ የማይገባ ከሆነ፣ የክራንመርን ሥራ የሚሠራው እንዲገባ አድርጎ የሚያዘጋጀው ነው።

ሁለተኛ፣ አዲሱን ብቻ የሚወድም ከ1549 ይማር። ሰው ጸሎትን የሚይዘው በአእምሮው ብቻ አይደለም። በልጅነቱ የሰማውን ቃል በሕመሙ አልጋ ላይ ሆኖ ይጠራዋል። ያንን በትእዛዝ መንጠቅ ቋንቋውን የሚያውቀውን ሰው እንኳ ዝም ያሰኘዋል። ለውጥ ካስፈለገ በማስተማርና በትዕግሥት፣ ለአረጋውያኑም የሚጸልዩበትን ሰዓት በመተው ይሁን። በዚህ ረገድ ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጡት የኋለኞቹ ሰዎች ከክራንመር የተሻለ አድርገዋል።

ሦስተኛ፣ ምርጫችን ደስ በሚለን ዜማ ብቻ አይመዘን። አንድ የቁርባን ጸሎት ሲቀርብልን እግዚአብሔርን ስለ ምን ያመሰግናል? የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ እንዴት ያስታውሳል? መንፈስ ቅዱስን ይለምናል? ከማዕዱ ስንነሣ ለጎረቤታችን ምን እንድናደርግ ያዘጋጀናል? ብለን እንጠይቅ። በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ ከቀድሞዎቹም ከአዲሶቹም አንዳንዱ በአንዱ ይበረታል፣ በሌላው ይደክማል። ሰው ምክንያቱን አውቆ የቀድሞውን ቢመርጥ መልካም ነው፤ አውቆ አዲሱንም ቢመርጥ መልካም ነው። ሳያውቁ ወንድምን መናቅ ግን ከማዕዱ ጋር አይስማማም።

በመጨረሻም የጸሎት ቃል የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጥንታዊም ሆነ ዘመናዊ፣ አፍ ብቻ ከተናገረው ክራንመር እንደ ፈረማቸው ወረቀቶች ነው። አሜን ስንል ያልነውን የምናምን እንሁን። እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጉባኤ ስንሄድ የሚጸለየውን ቃል አንድ በአንድ እናዳምጥ፤ ያልገባንን ከአገልግሎቱ በኋላ አባቶችንና መምህራንን እንጠይቅ።

እግዚአብሔር አፋችንንና ልባችንን አንድ ያድርግልን።